ዮናስን በሦስት ማታ፦ ፍርድንና ምሕረትን አብሮ ለማንበብ

የነነዌ ጾም ሰኞ ይገባል፤ ረቡዕ ያልቃል። ዓቢይ ጾም ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ማለት ነው። በእነዚህ ቀናት በቤተ ክርስቲያን ትንቢተ ዮናስ ይነበባል፤ ምህላ ይደረሳል፤ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» ይባላል። ቤት ስንገባ ግን የብዙዎቻችን ዮናስ በአንድ ትንፋሽ ያልቃል። ዓሣ ዋጠው፤ ዓሣ ተፋው፤ ሕዝቡ ጾመ፤ እግዚአብሔር ማረ። በቃ።

እኔም ለዓመታት ከዚህ አላለፍኩም። አንድ ዓመት ከቤተሰብና ከጎረቤት ጋር ሦስት ማታ ቁጭ ብለን አነበብነው። መጽሐፉ የሚቆረቁር መሆኑ የገባኝ ያኔ ነው። ዮናስን ያናደደው የእግዚአብሔር ምሕረት ነው። ደግሞ ቀላል ንዴት አይደለም። የበደላችሁ ሰው ሦስት ቀን ጾሞ በነጻ ሲሄድ ብታዩ እናንተስ ምን ትሉ ነበር?

ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ እናነባለን። አካሄዱን እያበላሸን እየጠገንን እዚህ አድርሰነዋል። ኦርቶዶክስ ካልሆናችሁም ይሠራል። ጾሙ ካለፈም የትኛውም ሳምንት ይሆናል።

ከመቀመጣችሁ በፊት

ከአራት እስከ ስምንት ሰው ይበቃል። ከዚያ ከበዛ ሁለት ሰው ያወራል፣ ሌላው ስልኩን ይነካካል። አራቱን ምዕራፎች ፎቶ ኮፒ አድርጉና ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ቅጂ ስጡ። ይህን የምለው በምክንያት ነው። እናቴ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ በእስክሪብቶ ማስመር ነውር ነው ባይ ናት። የመጀመሪያው ዓመት ሰኞ ማታችን በዚሁ ክርክር አለቀ።

ቀይና ሰማያዊ እስክሪብቶ ያዙ። አንድ ደብተር ጨምሩ። ከተገኘ ሁለት የተለያዩ የአማርኛ ትርጉሞች ይኑሩ። ዘጸአት 34 ላይና ትንቢተ ናሆም ላይ ቀድማችሁ ምልክት አድርጉ። ናሆምን ፈልጎ ማግኘት ቀላል የሚመስለው ላልሞከረው ነው።

ደብተሩ ለ«አንድም» ነው። የአንድምታ መምህራን አንድ ቃል ሲፈቱ የመጀመሪያውን ትርጓሜ ይሰጣሉ፤ ከዚያ «አንድም» ብለው ሌላ ይጨምራሉ። የፊተኛውን አይሰርዙትም። እናንተም ሁለት ሰው ሲከራከር ማን አሸነፈ አትበሉ። ሁለቱንም «አንድም» እያለ የሚጽፍ ጸሐፊ ሹሙ። እኛ ቤት ጸሐፊው ሁልጊዜ ዝምተኛው ሰው ነው። ዝምተኛ ሰው የሌላውን ሐሳብ ሳያጣምም ይጽፋል።

እግዚአብሔር ፈራጅ ነው ወይስ መሓሪ የሚለውን ጥያቄ ማንም እንዲዘጋው አትፍቀዱ። ሊዘጋው የሚቸኩል ሰው ከሁለቱ አንዱን መጣሉ አይቀርም። አብዛኛውን ጊዜ የሚጥለው ደግሞ ያልጎዳውን ነው።

ሰኞ ማታ፦ ሁሉንም አንብቡ፣ ሁለት ምዕራፍ ቀለም ቀቡ

መጀመሪያ አራቱንም ምዕራፍ ሳታቋርጡ፣ ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡ። 48 ቁጥር ብቻ ነው፤ ሩብ ሰዓት ይበቃል። ማንም ማብራሪያ እንዳይሰጥ። በተለይ ብዙ የሚያውቀው ሰውዬ።

ከዚያ ወደ ምዕራፍ 1 እና 2 ተመለሱ። ፍርድ የመሰላችሁን በቀይ፣ ምሕረት የመሰላችሁን በሰማያዊ አስምሩ። እያንዳንዱ ሰው ለብቻው ይሥራ፤ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ወረቀቶቹን ጎን ለጎን አድርጉ።

ጨዋታው እዚህ ይጀምራል። ማዕበሉ በሁሉም ወረቀት ላይ ቀይ ይሆናል። ዓሣው ላይ ግን ጠብ ይነሣል። አንድ ዓመት የአሥራ ሁለት ዓመቷ የእህቴ ልጅ ዓሣው የተጻፈበትን መስመር ግማሹን በቀይ ግማሹን በሰማያዊ አስምራ መጣች። «ምነው?» አልናት። «ባይውጠው ይሰጥም ነበር። አምቡላንስ ነው። ግን ደግሞ እስር ቤት ነው» አለች። ያን ማታ ከዚህ የተሻለ ነገር አልተነገረም። ጸሐፊው «አምቡላንስ፤ አንድም እስር ቤት» ብሎ ጻፈው።

መርከበኞቹን እንዳትዘሉ። ዮናስ «ወደ ባሕር ጣሉኝ» ብሏቸዋል፤ ዕጣውም ወጥቶበታል። እነሱ ግን 1፥13 ላይ ወደ ምድር ሊመልሱት ይቀዝፋሉ። የእስራኤልን አምላክ የማያውቁ ሰዎች ለአንድ የማያውቁት መንገደኛ ይደክማሉ። ነቢዩ ደግሞ ለአንድ ሙሉ ከተማ ሁለት እግሩን ማንሳት ከብዶት ነበር። ይህን ለማሳየት ስብከት አያስፈልግም፤ «መርከበኞቹን በምን ቀለም አሰመራችሁ?» ማለት ብቻ ይበቃል።

ምዕራፍ 2 የዮናስ ጸሎት ነው፤ ሁሉም ሰማያዊ ያደርገዋል። እሱን ተውት። ረቡዕ ትፈልጉታላችሁ።

ማክሰኞ ማታ፦ ነነዌ ምን አደረገች?

ይህ ማታ ረጅሙ ነው። ስለዚህ ቡናው ቀድሞ ይፈላ።

ከማንበባችሁ በፊት አንድ ሰው ስለ ነነዌ ሁለት ደቂቃ ይናገር። ነነዌ የአሦር ከተማ ናት፤ ፍርስራሿ ዛሬ ኢራቅ ውስጥ፣ ከሞሱል ማዶ፣ ጤግሮስ ወንዝ ዳር ነው። አሦር ሰማርያን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ722 ገደማ ጥሏል። በ701 ደግሞ ንጉሡ ሰናክሬም የይሁዳን ከተማ ለኪሶን ከበበ፤ ድሉንም ነነዌ በሚገኘው ቤተ መንግሥቱ ግድግዳ ላይ በድንጋይ አስቀረጸ። ቅርጹ አሁን ለንደን፣ ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ ነው። በእንጨት የተሰኩ ምርኮኞች አሉበት። ዕቃቸውን በበሬ ጋሪ ጭነው ከከተማቸው የሚወጡ ቤተሰቦችም አሉበት። ፎቶውን በስልክ ማሳየት ይቻላል፤ ልጆች ካሉ ግን መርጣችሁ አሳዩ። ዮናስ በ2ኛ ነገሥት 14፥25 መሠረት የሰሜኑ የእስራኤል መንግሥት ሰው ነው። የሰሜኑን መንግሥት ያጠፋው ይኸው አሦር ነው። ይህን ያላወቀ አንባቢ ዮናስን ጠባብ አድርጎ ይስቅበታል።

አሁን ምዕራፍ 3ን አንብቡ። አራት ቦታ ቁሙ።

አንደኛው ቁጥር 4 ነው። የዕብራይስጡ ጽሑፍ «አርባ ቀን» ይላል፤ የጥንቱ የግሪክ ትርጉም «ሦስት ቀን» ይላል። የያዛችኋቸው ትርጉሞች የትኛውን እንደተከተሉ ተያዩ። ልዩነት ካገኛችሁ አትደንግጡ፤ ደብተሩ ላይ «አንድም» ብላችሁ አስገቡት። እዚያው ያለው ሌላ ቃል ግን ጊዜ ይፈልጋል፦ ነነዌ «ትገለበጣለች»። ዕብራይስጡ ሰዶም የጠፋችበትን ቃል ነው የተጠቀመው። ያው ቃል ግን መለወጥም ይሆናል። አማርኛውም አያሳፍርም፤ መኪና ይገለበጣል፣ እንጀራ ይገለበጣል፣ የሰው ሐሳብም ይገለበጣል። እንግዲህ ነነዌ ተገለበጠች ወይስ አልተገለበጠችም? ዮናስ ውሸታም ሆነ ወይስ ትንቢቱ ተፈጸመ? ለዚህ ሃያ ደቂቃ ቢሄድ አይቆጭም።

ሁለተኛው ቁጥር 8 ነው። የንጉሡ አዋጅ ማቅ ልበሱና ጩኹ ብሎ አይቆምም። እያንዳንዱ ከክፉ መንገዱና በእጁ ካለው ግፍ ይመለስ ይላል። «በእጁ ካለው» የምትለዋን አስምሩባት። የአይሁድ መምህራን ይህችን ቃል ይዘው አንድ ነገር ያወራሉ፦ የነነዌ ሰው ሰርቆ ያመጣው አንድ ምሰሶ ሕንፃው ውስጥ ገብቶ ቢሆን እንኳ፣ ሙሉውን ሕንፃ አፍርሶ ምሰሶውን ለባለቤቱ ይመልስ ነበር። በእኛ ቋንቋ ካሳ ከፈለ ማለት ነው። በአዲስ ቤት ግድግዳ ውስጥ የሌላ ሰው ብሎኬት ቢገኝ ብላችሁ አስቡት። ምሕረት ከነነዌ በር የገባችው ግፍ ከእጅ እየወጣ ሳለ ነው።

ሦስተኛው ቁጥር 9፣ «ማን ያውቃል?» የሚለው ነው። ንጉሡ እርግጠኛ አይደለም። «ከጾምን ይምረናል» አላለም። አንዳንዴ በጾም የመደራደር ነገር ይታይብናል፤ ይህ ሰው ግን አልተደራደረም። ከዙፋኑ ወርዶ አመድ ላይ ተቀምጦ ማን ያውቃል አለ።

አራተኛው «ክፉ» የምትለው ቃል ናት። ይህቺን እኔ ነኝ የምወዳት፤ ታገሡኝ። 1፥2 ላይ የነነዌ ክፋት ወደ እግዚአብሔር ፊት ወጣ። 3፥8 ላይ ከክፉ መንገድ መመለስ አለ። 3፥10 ላይ እግዚአብሔር ሊያደርገው ከነበረው ክፉ ነገር ተመለሰ። ከዚያ 4፥1 ላይ ይህ ነገር ዮናስን አስከፋው። በዕብራይስጡ ሁሉም አንድ ሥር ነው፤ ደስ የሚለው አማርኛውም ሥሩን አልጣለውም። አራቱንም ክበቡና በመስመር አገናኟቸው። ክፋቱ ከከተማዋ ወጣ፤ ከእግዚአብሔርም እጅ ወጣ፤ ሄዶ ሄዶ ያረፈው ነቢዩ ሆድ ውስጥ ነው።

ረቡዕ ማታ፦ ሦስት ዓምድ

ደብተሩ ላይ አንድ ገጽ በሦስት ክፈሉ። አንደኛው ዓምድ ሙሴ፣ ሁለተኛው ዮናስ፣ ሦስተኛው ናሆም።

በሙሴ ዓምድ ዘጸአት 34፥6-7ን ጻፉ። ጊዜውን አትርሱ። የወርቁ ጥጃ ተሠርቷል፤ ጽላቱ ተሰብሯል፤ በምዕራፍ 32 መሠረት ሦስት ሺህ ያህል ሰው ሞቷል። ከዚህ ሁሉ በኋላ እግዚአብሔር ስሙን ራሱ ይናገራል። መሓሪ፣ ታጋሽ፣ ቸርነቱና እውነቱ የበዛ፣ ኃጢአትን ይቅር የሚል። ሳይተነፍስ ይቀጥላል፦ በደለኛውን ከቶ የማያነጻ፣ የአባቶችን ኃጢአት እስከ ሦስትና አራት ትውልድ የሚያመጣ። ቸርነቱ ግን እስከ ሺህ ትውልድ ነው። ቀይና ሰማያዊው እዚህ አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ነው ያሉት።

በዮናስ ዓምድ 4፥2ን ጻፉ። ያንኑ ቃል ነው የሚደግመው። አሁን የጎደለውን ፈልጉ። «በደለኛውን የማያነጻ» የለም። «እውነት» የለም። በቦታው «ከክፉ ነገር የሚመለስ» ገብቷል። የአባቱ ስም አማቴ ነው፤ ይህም በዕብራይስጥ «እውነት» ከሚለው ቃል የመጣ ነው። የእውነት ልጅ እውነትን ጎምዶ ጠቀሰ ማለት ነው። ኢዩኤል 2፥13 ላይም አጠቃቀሱ እንዲሁ ስለሆነ ሁሉን በዮናስ ላይ አትጫኑ። ልዩነቱ ኢዩኤል ሕዝቡን ለንስሐ ለመጥራት ነው የተናገረው። ዮናስ ግን ክስ እያቀረበ ነው፦ እንዲህ መሓሪ መሆንህን ስለማውቅ ነው የኮበለልኩት።

አሁን ሰኞ የተዋችሁትን ምዕራፍ 2 አውጡ። ለራሱ ሲሆን ምሕረቱን እንዴት አድርጎ እንዳመሰገነ አንብቡለት። አትፍረዱበት፤ አንብቡ ብቻ።

በናሆም ዓምድ 1፥2-3ን ጻፉ። እግዚአብሔር ለቁጣ የዘገየ ነው፣ ኃይሉም ታላቅ ነው፣ በደለኛውንም ከቶ አያነጻም። ከሙሴ ቃል ሌላውን ግማሽ የወሰደው እሱ ነው። የናሆም መጽሐፍ የሚናገረው ስለ ማን መሰላችሁ? ስለ ነነዌ። «የደም ከተማ» ይላታል። ከተማዪቱም ከክርስቶስ ልደት በፊት በ612 በባቢሎናውያንና በሜዶናውያን እጅ ወደቀች። ስለ አንዲት ከተማ ሁለት ነቢያት አንዱን ዓረፍተ ነገር ለሁለት ተካፈሉት። ሁለቱም መጻሕፍት በቀኖናው ውስጥ አሉ፤ አንዱ ሌላውን አላስወጣም። ሁለቱም የሚያበቁት ደግሞ በጥያቄ ነው። ናሆም ውስጥም ሰማያዊ እንዳለ ለማሳየት 1፥7ን አንብቡ።

እዚህ ላይ አንድ ሰው «እሱ እኮ ብሉይ ኪዳን ነው፤ ሐዲሱ ፍቅር ነው» ማለቱ አይቀርም። ቆየት ያለ ሐሳብ ነው። መርቅያን የሚባል ሰው ሁለት የተለያዩ አማልክት ናቸው እስከማለት ደርሶ በ144 እ.ኤ.አ. ገደማ ከሮም ቤተ ክርስቲያን ተለይቷል። ክርክር ውስጥ አትግቡ። ማቴዎስ 18 ላይ የእልፍ መክሊት ዕዳ ይቅር ተብሎለት ለመቶ ዲናር ባልንጀራውን ያነቀውን አገልጋይ አንብቡለትና እስክሪብቶዎቹን ስጡት።

ሌላው ማሳያ ከራሳችን አፍ ነው። በግእዝ «ፈትሐ» ማለት ፈታም፣ ከፈተም፣ ፈረደም ነው። ስለዚህ ፍትሕ ፍርድ ነው፤ ለሞተ ሰው የሚደርሰው ፍትሐትም ከዚያው ቤት ነው። ካህኑን «ይፍቱኝ» እንላለን። ዳኛው ደግሞ «እድሜ ይፍታህ» ይፈርዳል፤ ይህ መፈታት ሳይሆን የዕድሜ ልክ እስራት ነው። ቃል ብቻውን ሃይማኖት አያጸናም። ግን ጠረጴዛው ዙሪያ ያለውን ሰው ያነቃል፤ በተለይ ስብከት የሰለቸውን ወጣት።

ከዚያ ምዕራፍ 4ን እስከ መጨረሻው። ለዮናስ ጥላ የሆነው ተክል ቅል ነው ሌላ ነገር ነው በሚለው ማታችሁ እንዳያልቅ። አውግስጢኖስ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ላቲን ለተረጎመው ለጄሮም በጻፈው ደብዳቤ፣ በሰሜን አፍሪካ አንድ ከተማ ምእመናን የለመዱት የተክሉ ስም ተቀይሮ ሲነበብ ረብሻ መነሣቱን ይነግረዋል። ለአንድ ቅል! ይልቅ እግዚአብሔር ለዮናስ በክርክር እንዳልመለሰለት አስተውሉ። ጥላ ሰጠው፣ ትል ላከ፣ ትኩስ ነፋስ አመጣ። ከዚያ ጠየቀው። ቀኛቸውንና ግራቸውን የማይለዩ ከመቶ ሃያ ሺህ የሚበልጡ ሰዎች፣ ብዙ እንስሳም ላለባት ከተማ አልራራምን? ቀኝና ግራ የማይለዩት ሕፃናት ናቸው፤ አንድም ሕግ ያልተነገራቸው ሰዎች ናቸው። ጸሐፊው ይጻፈው።

ጥያቄው ከተነበበ በኋላ ወዲያው ጸሎት አትጀምሩ። ሁለት ደቂቃ ዝም በሉ። ስልክ ላይ ቁጠሩት፤ ካልተቆጠረ ሰው አይችልም።

የተጎዳ ሰው ክፍሉ ውስጥ ካለ

ይህን የምጽፈው ራሴ ስላበላሸሁት ነው። አንድ ዓመት አንዲት ጎረቤታችን ረቡዕ ማታ መጣች። ልጇን በመኪና ገጭቶ የገደለባት ሰው በዚያው ሰሞን ሽማግሌ ልኮባት ነበር። እኔ ይህን እያወቅሁ፣ አፌን ሞልቼ፣ «አየሽ፣ ዮናስ መቆጣት አልነበረበትም» አልኩ። ቤቱ ጭር አለ። እናቴ በዐይኗ ገረፈችኝ።

ስለዚህ ደንቡ ይህ ነው፦ ዮናስን ይዛችሁ ማንንም ይቅር በል አትበሉ። እግዚአብሔር ራሱ ዮናስን «ልትቆጣ ይገባሃልን?» ብሎ ነው የጠየቀው፤ መቆጣት የለብህም አላለውም። የተጎዳው ሰው መናገር ከፈለገ ይናገር። ካልፈለገ ቀለሙን ብቻ ይቀባ፤ ወረቀቱን ለማንም እንዲያሳይ አታስገድዱት። ከቻላችሁ ናሆምንም አንድ ጊዜ ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡለት። ግፍ እንደታየ የሚመሰክር ድምፅ ነውና።

ጎረቤታችን ከብዙ ዝምታ በኋላ ምዕራፍ 3ን ገልጣ ቁጥር 6 ላይ ጣቷን አሳረፈች። «ይኸው፣ ንጉሡ ከዙፋኑ ወርዷል። የኔው ሰውዬ ሽማግሌ ላከ እንጂ ራሱ አልመጣም» አለች። ማንም አልመለሰላትም።

ትንሽ ቆይታ፣ «ዮናስ ግን ለመጨረሻው ጥያቄ ምን ብሎ መለሰ?» ብላ ጠየቀች።

«አልተጻፈም» አልኳት።

«እንዲያ ነው?» አለችና ፎቶ ኮፒውን አጣጥፋ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረችው።